ዋቢዎችን በሶፍትዌር ማደራጀት፦ ዞቴሮን ከመጫን እስከ ማስረከቢያው ቅጂ

የመጀመሪያውን የመመረቂያ ጽሑፌን ስሠራ የዋቢ ዝርዝሩን አንድ በአንድ በእጄ ነበር የጻፍኩት። ማስረከቢያው ሲቃረብ አማካሪዬ «ይህ ምዕራፍ ይውጣ» አሉኝ። ምዕራፉን ማውጣት አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ከዋቢዎቹ ውስጥ የትኞቹ አብረውት መውጣት እንዳለባቸው፣ የትኞቹ ደግሞ ሌላም ቦታ ስለተጠቀሱ መቆየት እንዳለባቸው መለየቱ ግን ሌሊቱን ሙሉ ፈጀ። ጠዋት ላይም እርግጠኛ አልነበርኩም።

ቀጥሎ ለጻፍኩት ሥራ ሶፍትዌር ያዝኩና ሌላ ስህተት ሠራሁ፤ ማሽኑ ሁሉን የሚያውቅ መሰለኝ። አያውቅም። የዋቢ ማደራጃ ሶፍትዌር የሚያውቀው ኮማው፣ ቅንፉና ሰያፍ ፊደሉ የት እንደሚገባ ነው። የደራሲውን ስም አጣመው ከመዘገቡ አጣሞ፣ ግን እጅግ አሳምሮ ያትምልዎታል። ስለዚህ ከዚህ በታች ትልቁን ቦታ የሰጠሁት ለመዝገቡ፣ ማለትም ስለ እያንዳንዱ ዋቢ ለሚሞላው መረጃ ነው። ሰው ሁሉ የሚጨነቅበት የማጣቀሻ ስልት፣ መዝገቡ ከጸዳ በኋላ በአንድ ጠቅታ የሚቀየር ነገር ነው።

የትኛውን ልያዝ?

በብዛት የሚታወቁት ዞቴሮ፣ ሜንደሌይ፣ ኤንድኖት እና ጃብሬፍ ናቸው። ዞቴሮ በ2006 በጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ የተጀመረ፣ ነፃና ምንጭ ኮዱ ክፍት የሆነ ፕሮግራም ነው። ሜንደሌይም በነፃ ይገኛል፤ ከ2013 ጀምሮ ግን የትልቁ አሳታሚ የኤልሰቪየር ንብረት ነው። ኤንድኖት ከሁሉም አንጋፋው ሲሆን የሚሸጥ ነው፤ ተቋምዎ ፈቃዱን ገዝቶ ከሆነና ባልደረቦችዎ ሁሉ እሱን የሚጠቀሙ ከሆነ ለብቻ ሌላ መያዙ ትርፉ ድካም ነው። ጽሑፍዎን በላቴክ (በትእዛዝ ኮድ በሚሠራው የጽሑፍ ማዘጋጃ) የሚያዘጋጁ ከሆነ ጃብሬፍ በቀጥታ የላቴክ ዋቢዎች በሚቀመጡበት በቢብቴክ ፋይል ላይ ይሠራል።

እኔ የምመክረው ዞቴሮን ነው፤ መመሪያውም በእሱ ላይ ያተኩራል። ምክንያቴ ነፃ መሆኑ ብቻ አይደለም። በዊንዶውስ፣ በማክም ሆነ በሊኑክስ ይሠራል፤ ከዎርድ፣ ከሊብሬኦፊስና ከጉግል ዶክስ ጋር ይያያዛል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ነገ ልተወው ቢሉ የሰበሰቡትን ሁሉ አርአይኤስ ወይም ቢብቴክ በሚባለው የጋራ ቅርጸት አውጥተው ወደ ሌላው መውሰድ ይችላሉ። የዓመታት ንባብ የሚከማችበት ዕቃ መውጫ በር ሊኖረው ይገባል።

አጫጫኑ

የሚጫኑት ነገሮች ሁለት ናቸው፦ በኮምፒውተሩ ላይ የሚቀመጠው ዋናው ፕሮግራም እና በብሮውዘርዎ ላይ የሚታከለው «ዞቴሮ ኮኔክተር»። ሁለቱም ከዞቴሮ ድረ ገጽ ይወርዳሉ። ኮኔክተሩ በክሮም፣ በፋየርፎክስ፣ በኤጅና በሳፋሪ ይሠራል። ሦስተኛው ክፍል፣ ማለትም በዎርድ ውስጥ የሚታየው ፕለጊን፣ ከዋናው ፕሮግራም ጋር አብሮ ይመጣል። ዎርድ ተከፍቶ ከነበረ ግን ላይገባ ስለሚችል ከመጀመርዎ በፊት ይዝጉት። ጭነው ሲጨርሱ ዎርድን ሲከፍቱ ከላይ ካሉት ትሮች መካከል «ዞቴሮ» የሚል ካላዩ፣ ወደ ዞቴሮ ተመልሰው «ሴቲንግስ»፣ ቀጥሎ «ሳይት» (Cite)፣ ከዚያም «ዎርድ ፕሮሰሰርስ» በሚለው ስር ፕለጊኑን እንደገና ይጫኑት። አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ይፈታል።

ከዚያ በድረ ገጹ ላይ አካውንት ይክፈቱና በ«ሴቲንግስ» ውስጥ «ሲንክ» በሚለው በኩል ይግቡ። መዝገቦችዎ፣ ማለትም የደራሲ ስም፣ ርዕስ፣ ዓመትና ማስታወሻ፣ ያለ ገደብ በነፃ ይመሳሰላሉ። ቦታ የሚወስዱት ፒዲኤፎቹ ናቸው፤ ለእነሱ በነፃ የሚሰጠው 300 ሜጋባይት ነው፤ ብዙ ፒዲኤፍ ለሚያከማች ሰው ቶሎ ያልቃል። ሲያልቅ መደናገጥ አያስፈልግም፤ የፋይሎቹን ማመሳሰል ብቻ አጥፍተው መዝገቦቹን ማመሳሰል መቀጠል ይቻላል።

አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ዞቴሮ ሁሉን ነገር የሚያስቀምጠው በተጠቃሚ ፎልደርዎ ስር ባለች «ዞቴሮ» በምትባል አንዲት ፎልደር ውስጥ ነው። ይህችን ፎልደር «በዚያውም ይመሳሰልልኝ» ብለው ወደ ድሮፕቦክስ፣ ዋንድራይቭ ወይም ጉግል ድራይቭ እንዳያዛውሯት። ዳታቤዙ እየተጻፈበት ሳለ ሌላ ፕሮግራም ሲገለብጠው ይበላሻል።

መዝገብ አሰባሰብ

ዋናው መንገድ ከብሮውዘሩ ነው። የጥናቱን ገጽ ሲከፍቱ የኮኔክተሩ ምልክት እንደ ገጹ ይለዋወጣል፦ ለጆርናል መጣጥፍ የወረቀት፣ ለመጽሐፍ የመጽሐፍ፣ ብዙ ውጤት ለያዘ የፍለጋ ገጽ የፎልደር መልክ ይይዛል። ምልክቱን ማየት ልማድ ያድርጉት። የጆርናል መጣጥፍ ከፍተው ምልክቱ ተራ ድረ ገጽ መሆኑን ካሳየ፣ ኮኔክተሩ ገጹን አላወቀውም ማለት ነው፤ ቢጫኑት የሚያስቀምጥልዎት ቅጽና ገጽ የሌለው ባዶ መዝገብ ነው። ከፍለጋ ሞተር ዝርዝር ላይ በጅምላ ከመሰብሰብም የአሳታሚውን ገጽ ከፍቶ ከዚያ መውሰድ ይሻላል፤ የፍለጋ ሞተሮች መረጃ ብዙ ጊዜ የተቆራረጠ ነው።

ሁለተኛው መንገድ መለያ ቁጥር ነው። በዞቴሮ ላይ የአስማት ዘንግ የምትመስለውን ምልክት ይጫኑና የመጽሐፉን አይኤስቢኤን ወይም የመጣጥፉን ዲኦአይ ይለጥፉ። ዲኦአይ ሁልጊዜ በ10 እና በነጥብ ይጀምራል። አይኤስቢኤን ከ2007 ወዲህ 13 አሃዝ ነው፤ ከዚያ በፊት የታተሙት 10 አሃዝ አላቸው፤ ሁለቱንም ይቀበላል። ፐብሜድ (PubMed) እና አርካይቭ (arXiv) የተባሉት የጥናት ማከማቻዎች የሚሰጧቸው ቁጥሮችም ይሠራሉ።

ሦስተኛው፣ አስቀድሞ ያወረዷቸውን ፒዲኤፎች ጎትቶ ዞቴሮ ላይ መጣል ነው። የታተመ የጆርናል መጣጥፍ ከሆነ ፕሮግራሙ ራሱ መረጃውን ፈልጎ መዝገብ ይሠራለታል። በስካነር የተነሣ አሮጌ ሰነድ ከሆነ ግን አያውቀውም፤ በእጅ መሙላት ነው። በእጅ ሲሞሉ መጀመሪያ የሚወስኑት የሰነዱን ዓይነት ነው፤ የሚመጡት መሙያ ሳጥኖች ከእሱ ይወሰናሉና።

ማጣራቱ፦ ሥራው ያለው እዚህ ነው

አንድ መዝገብ እንደገባ እዚያው ማጣራት አንድ ደቂቃ አይወስድም። ሁለት መቶ መዝገብ ተጠራቅሞ፣ ማስረከቢያው ነገ ሆኖ ማጣራት ግን ሌላ ነገር ነው። እኔ የማያቸውን በቅደም ተከተል ልንገርዎት።

ዓይነቱ። በጣም የሚበዛው ስህተት የመጽሐፍ ምዕራፍን እንደ መጽሐፍ መመዝገብ ነው። የተለያዩ ጸሐፊዎች ምዕራፍ ያዋጡበት፣ አንድ አዘጋጅ የሰበሰበው መጽሐፍ ከሆነ፣ እርስዎ የጠቀሱት የምዕራፉን ጸሐፊ ነው እንጂ አዘጋጁን አይደለም። ዓይነቱን «ቡክ ሴክሽን» ያድርጉት፤ የምዕራፉ ርዕስና የመጽሐፉ ርዕስ ለየብቻ ይገባሉ፤ ከስሞቹም አንዱን «ኦተር»፣ ሌላውን «ኤዲተር» ይበሉት። ትርጉም ሥራ ላይ «ትራንስሌተር» የሚባል ምርጫም አለ። ሁሉንም «ኦተር» ብሎ መደርደር የአዘጋጁን ስም ከጸሐፊው ጎን ያሰልፈዋል።

ስሙ። ሶፍትዌሮቹ የተሠሩት ሰው ሁሉ የራስ ስምና የቤተሰብ ስም አለው ብለው ነው። ስለዚህ ለስም ሁለት ሳጥን ያቀርባሉ፤ ስልቱም የቤተሰቡን ስም አስቀድሞ የራሱን ስም በመጀመሪያ ፊደል ያሳጥራል። ይህ መጀመሪያ የሚፈርሰው በድርጅት ስም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የእንግሊዝኛ ስም «World Health Organization» በሁለት ሳጥን ተከፍሎ ከገባ፣ ዝርዝሩ ላይ «Organization, W. H.» ሆኖ ይወጣል! መፍትሔው ከስሙ ጎን ያለችውን ትንሽ ምልክት ተጭኖ ስሙን ወደ አንድ ሳጥን መቀየር ነው። በአንድ ሳጥን ያለ ስም እንዳለ ይታተማል፤ አይገለበጥም፣ አያጥርም።

ያው ምልክት የቤተሰብ ስም ለሌላቸው ሰዎችም ይሠራል። «አልማዝ በቀለ» ብንል በቀለ አባቷ ናቸው፤ «በቀለ፣ አ.» ብሎ መጻፍ ሥራውን የአባትየው ያስመስላል። የአይስላንድ ስሞችም በአብዛኛው እንዲሁ የአባት ስም የሚከተላቸው ናቸው፤ በኢንዶኔዥያ ደግሞ ስማቸው አንድ ቃል ብቻ የሆነ ሰዎች አሉ። አንዳንድ ተቋማትና ጆርናሎች እንዲህ ያለው ስም ሳይገለበጥ ሙሉውን እንዲጻፍ ይፈቅዳሉ፤ ሌሎች ግን ሁሉም በአንድ ሥርዓት ይግባ ይላሉ። የእርስዎን መመሪያ አስቀድመው ይጠይቁና በአንዱ ይጽኑ፤ ግማሹ ተገልብጦ ግማሹ እንዳለ የተጻፈበት ዝርዝር ከሁለቱም የከፋ ነው። አንድ ነገር ግን ይጠንቀቁ፦ ስሙን በአንድ ሳጥን ካስገቡት በጽሑፉ ውስጥ በቅንፍ የሚወጣውም ሙሉው ስም ይሆናል።

ርዕሱ። ይህ የላቲን ፊደል ላላቸው ርዕሶች ብቻ ነው። አንዳንድ ዳታቤዝ እያንዳንዱን ቃል በትልቅ ፊደል ይጀምራል፤ አንዳንዱ ሁሉንም በትልቅ ፊደል ይጮኻል። እርስዎ የሚያስቀምጡት የመጀመሪያውን ቃልና የተጸውዖ ስሞችን ብቻ በትልቅ ፊደል ይሁን። ስልቱ ሲፈልግ ከትንሽ ወደ ትልቅ መቀየር ይችላል፤ ከትልቅ ወደ ትንሽ መመለሱ ግን አያስተማምንም፣ የትኛው ቃል የቦታ ስም እንደሆነ አያውቅምና። ርዕሱ ላይ በቀኝ የማውስ ቁልፍ ሲጫኑ የሚለውጥልዎት ትእዛዝ ይመጣል፤ ከለወጠ በኋላ የሰውና የአገር ስሞችን በዓይንዎ ይመልሱ።

ዓመቱና ገጹ። ፕሮግራሙ የዘመን አቆጣጠር አይቀይርም፤ የጻፉለትን ነው የሚያትመው። በተለያየ አቆጣጠር የታተሙ ሥራዎች ካሉዎት አስቀድመው አንድ አሠራር ይወስኑ። የጆርናል መጣጥፍ ቅጽ፣ ቁጥርና ከገጽ እስከ ገጽ ሊኖረው ይገባል፤ ዲኦአይ ካለው እሱም መግባቱን ይዩ።

የመጨረሻው፣ ጥናቱ መኖሩን ነው። በተለይ ማጣቀሻውን ያገኙት ከሰው ዝርዝር ወይም ከሰው ሠራሽ አስተውሎት መልስ ከሆነ ዲኦአዩን ከፍተው በዓይንዎ ይዩት። ሶፍትዌሩ የሌለ ጥናትንም አሰማምሮ ይጽፍልዎታል። የሚረዳዎት በአንድ በኩል ነው፤ መጣጥፉ ታትሞ በኋላ በአሳታሚው የተሰረዘ እንደሆነ ዞቴሮ በቀይ ያስጠነቅቃል፤ ያን ሲያዩ አይለፉት።

ስብስቦችና ድግግሞሽ

በግራ በኩል የሚፈጥሯቸው «ኮሌክሽን» የሚባሉት ስብስቦች ፎልደር ይመስላሉ እንጂ አይደሉም፤ እንደ ዘፈን ዝርዝር ናቸው። አንድ መዝገብ ሳይባዛ በሦስት ምዕራፍ ስብስቦች ውስጥ ሊቀመጥ ይችላል። ስለዚህ ሲያስወጡ «ከስብስቡ አውጣ» እና «ወደ ቆሻሻ መጣያ ጣል» የሚሉትን ይለዩ።

አንድ ሥራ ሁለት ጊዜ ከገባ አንዱን አያጥፉ። «ዱፕሊኬት አይተምስ» በሚለው ስር ሁለቱን መርጠው ያዋህዷቸው። ሲያዋህዱ በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ሁለቱም ወደ አንዱ ይመራሉ፤ ሲያጠፉ ግን የጠፋውን የሚጠራው ማጣቀሻ ባለቤት አልባ ሆኖ ይቀራል። ባለ ስም-ዓመት ስልት ላይ «2015a» እና «2015b» ዓይነት መለያ ያለ ምክንያት ካዩ፣ አንድ ሥራ በሁለት መዝገብ መግባቱን ይጠርጥሩ።

ስልቱን መምረጥ

ስልቶቹ በሺዎች ይቆጠራሉ፤ ቤተሰባቸው ግን ሦስት ነው። አንደኛው በቅንፍ ስምና ዓመት የሚጠቅስ ነው፤ የሥነ ልቦናና የማኅበራዊ ሳይንስ ሰዎች የሚያዘወትሩት ኤፒኤ ዋናው ነው። ሁለተኛው በቁጥር የሚጠቅስ ነው፤ በሕክምና ቫንኩቨር፣ በምሕንድስና አይትሪፕልኢ። ሦስተኛው በግርጌ ማስታወሻ የሚጠቅስ ነው፤ የታሪክ ሰዎች የሚወዱት የቺካጎ የግርጌ ስልት እዚህ ይመደባል። ቺካጎ ባለ ስም-ዓመት ስልትም ስላለው፣ «ቺካጎ ተጠቀም» ከተባሉ የትኛውን እንደሆነ መጠየቅ አይርሱ።

እትሙንም ይጠይቁ። በ2019 የወጣው 7ኛው የኤፒኤ እትም የአሳታሚውን ከተማ ከዝርዝሩ አስወጥቷል፤ በዝርዝሩ እስከ 20 ደራሲ ድረስ ሁሉንም ይጽፋል፤ በጽሑፉ ውስጥ ደግሞ ሦስትና ከዚያ በላይ ደራሲ ካለ ከመጀመሪያው ጀምሮ «እና ሌሎች» ይላል። 6ኛው እትም በሁሉም ይለያል። ተቋምዎ የሰጠዎት መመሪያ የቱን እንደተከተለ ካላወቁ የከተማውን ስም ይፈልጉ፤ ካለ አሮጌው ነው።

ስለ «ሃርቫርድ» ደግሞ አንድ ነገር ልበል፤ ብዙ ሰው ያደክማልና። በዚህ ስም የሚጠራ አንድ የታወቀ መመሪያ መጽሐፍ የለም። በስምና በዓመት የመጥቀስ ልማድ ሲሆን መነሻው በ1881 የሃርቫርዱ የእንስሳት ተመራማሪ ኤድዋርድ ማርክ ባሳተመው ጥናት ነው ይባላል። ዛሬ ብዙ ዩኒቨርሲቲ የራሱን «ሃርቫርድ» አውጥቷል፤ ኮማውና ቅንፉ ይለያያል። ስለዚህ «ሃርቫርድ» ሲባሉ የየትኛው ተቋም ሃርቫርድ እንደሆነ ይጠይቁና በዚያ ተቋም ስም ይፈልጉት።

ለመጨመር «ሴቲንግስ»፣ «ሳይት»፣ «ስታይልስ» ብለው ይግቡና ተጨማሪ ስልት ማግኛውን ይጫኑ፤ ከ10,000 በላይ ስልት ያለበት ማከማቻ ይከፈታል። የጆርናሉን ስም ጽፈው ሲመርጡት በዚያው ይጫናል። ሁሉም የተጻፉት ሲኤስኤል በሚባል የጋራ ቋንቋ ነው፤ ሜንደሌይም ይህንኑ ስለሚጠቀም ስልቱ በሁለቱም ይሠራል። የተቋምዎ ስልት ከሌለ በጣም የሚቀርበውን ይያዙ። ፋይሉን ራስዎ የሚያስተካክሉ ከሆነ ርዕሱንና መለያውን መለወጥ ግዴታ ነው፤ አለበለዚያ ዞቴሮ ስልቶቹን ሲያድስ የደከሙበትን በዋናው ይተካዋል።

በዎርድ ውስጥ መጥቀስ

ሁለቱንም ፕሮግራሞች ይክፈቱ። ጠቋሚውን ማጣቀሻው እንዲገባ የሚፈልጉበት ላይ ያኑሩ፤ በዞቴሮ ትር «አድ/ኤዲት ሳይቴሽን»ን ይጫኑ። የመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ስልቱን ይጠይቅዎታል። ቀጥሎ በሚመጣው የመፈለጊያ ሳጥን የደራሲውን ስም ወይም ከርዕሱ ሁለት ቃል ይጻፉ፤ ይምረጡ፤ በዚያው ሌላ ሥራ መጨመርም ይችላሉ፤ ከዚያ «ኤንተር»።

የገጽ ቁጥር በእጅ አይጻፍም። በሳጥኑ ውስጥ የተመረጠውን ሥራ አንድ ጊዜ ሲጫኑት ገጽ፣ ከፊቱ የሚገባ ቃል («ለምሳሌ» ወይም «በተቃራኒው» የመሰለ) እና ከኋላው የሚገባ ቃል የሚጻፍበት ትንሽ መስኮት ይከፈታል። የደራሲውን ስም በዓረፍተ ነገርዎ ውስጥ ጠቅሰውት ከሆነ «ኦሚት ኦተር» የሚለውን ምልክት ያድርጉ፤ በቅንፉ ዓመቱ ብቻ ይቀራል። ማጣቀሻውን በቀጥታ በዎርድ ላይ ካረሙት፣ ዞቴሮ ለውጡን አይቶ ይጠይቅዎታል፤ «ይቆይ» ካሉት ያ ማጣቀሻ ከዚያ በኋላ አይታደስም። የመዝገብ ስህተት ካዩ ወደ ዞቴሮ ሄደው ያርሙ፣ ተመልሰው «ሪፍሬሽ» ይበሉ።

የዋቢ ዝርዝሩን በጽሑፉ መጨረሻ ላይ «አድ/ኤዲት ቢብሊዮግራፊ» በሚለው አንድ ጊዜ ያስገቡት፤ ከዚያ በኋላ ራሱ ይከተላል። ያ ምዕራፍ ይውጣ ሲባል ዝርዝሩ አብሮ ይስተካከላል። ስልት መቀየር ቢያስፈልግ «ዶክዩመንት ፕሪፈረንስስ» ገብተው ሌላውን ይምረጡ፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይለወጣል። ጽሑፉ ሲረዝምና ዎርድ መንቀራፈፍ ሲጀምር፣ እዚያው ቦታ ማጣቀሻዎቹ በራሳቸው እንዲታደሱ የሚያደርገውን ምልክት ያጥፉና በፈለጉ ጊዜ ብቻ «ሪፍሬሽ» ያድርጉ።

አብረው የሚጽፉ ሰዎች ካሉ በዞቴሮ ድረ ገጽ ላይ የቡድን ቤተ መጻሕፍት ከፍተው ሁሉም ከእሱ ብቻ እንዲጠቅሱ ይስማሙ። እያንዳንዱ ከየግል ስብስቡ ከጠቀሰ አንዱ ሥራ በዝርዝሩ ሁለት ጊዜ ይወጣል። ጽሑፉን ከዎርድ ወደ ጉግል ዶክስ ማዛወር ካስፈለገም ዝም ብለው አይቅዱት፤ በ«ዶክዩመንት ፕሪፈረንስስ» ውስጥ ወደ ሌላ መጻፊያ ለመሸጋገር የተዘጋጀ ትእዛዝ አለ።

የማስረከቢያው ቅጂ

«ሪፍሬሽ» ያድርጉና የዋቢ ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች እንደ ባዕድ ያንብቡት። በአንድ ፊደል የሚለያዩ ሁለት ስሞች፣ ዓመት የሌለው ሥራ፣ በትልቅ ፊደል የሚጮኽ ርዕስ፣ ተቆርጦ የተገለበጠ ድርጅት፤ ሁሉም እዚህ ይታያሉ። እያንዳንዱን በዞቴሮ ያርሙት።

አሳታሚዎች አንዳንዴ ከሶፍትዌሩ የተላቀቀ ተራ ጽሑፍ ይፈልጋሉ። ለዚህ «አንሊንክ ሳይቴሽንስ» አለ። ትእዛዙ አንድ ጊዜ ተሠርቶ ፋይሉ ከተዘጋ መመለሻ የለውም፤ ስለዚህ መጀመሪያ ፋይሉን በሌላ ስም ያስቀምጡና በቅጂው ላይ ብቻ ያድርጉት። ስልቱ የማያውቀው የተቋምዎ ልዩ ፍላጎት ካለ፣ ለምሳሌ «እና» የሚለው ቃል በሌላ ቋንቋ ቢወጣ፣ በእጅ የሚታረመው እዚህ በተላቀቀው ቅጂ ላይ ነው። ገምጋሚዎች «አሻሽለህ መልስ» ሲሉ የሚመለሱት ግን ወደ ዋናው፣ ወዳልተላቀቀው ፋይል ነው።

ከዚያ ዞቴሮን ይዝጉና ሁሉ ነገር ያለባትን ያችን «ዞቴሮ» የምትባል ፎልደር እንዳለች ወደ ውጫዊ ዲስክ ይገልብጡ። ሲንክ መጠባበቂያ አይደለም፤ በስህተት ያጠፉትን ነገር በሌላውም ኮምፒውተርዎ ላይ ያጠፋል።